ከቱቦው የማይወጣው ሴንጢ

በአሜሪካ ፔንሲልቫኒያ ግዛት፣ ቲተስቪል በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ግሬት ኢስተርን ከትለሪ በሚባል ፋብሪካ የሚሠራ ባለ አጥንት እጀታ ሴንጢ በሻጮች ድረ ገጽ ላይ በወጣ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። የመደብር ዋጋው በአብዛኛው መቶ ዶላርን ትንሽ ያለፈ ነው። ሳምንት ሳይሞላ ያው ሴንጢ፣ ከመጣበት የካርቶን ቱቦ እንኳ ሳይወጣ፣ በጨረታ ገጾች ላይ እጥፍ ዋጋ ተለጥፎበት ይታያል። ገመድ ለመቁረጥ፣ ብርቱካን ለመላጥ፣ እርሳስ ለመቅረጽ የተሠራ መሣሪያ ስለቱ አንዴም ሳይዘረጋ ሦስትና አራት ባለቤት ይለዋውጣል።

ሴንጢ ሰብሳቢዎች ሲያማርሩ ብዙውን ጊዜ የሚሰማው ክስ «ፋብሪካው ሆን ብሎ ቁጥሩን ያሳንሳል» የሚል ነው። በእኛ እምነት ክሱ ሁለት ነገሮችን ያምታታል። እጥረቱ የሚመጣው ሴንጢው ከሚሠራበት መንገድ ነው፤ ምሬቱ የሚመጣው ከሚሸጥበት መንገድ ነው። የአሠራሩን መንገድ ከለወጡት ሴንጢው ሌላ ዕቃ ይሆናል። የአሻሻጡን መንገድ መለወጥ ግን ይቻላል፤ ገዢውም በእጁ ያለ ድርሻ አለው።

እዚህ የምናወራው በሙያው ቋንቋ ስሊፕጆይንት ስለሚባለው፣ ቁልፍ ስለሌለው የኪስ ሴንጢ ነው። ስለቱን ክፍትም ዝግም አድርጎ የሚይዘው ከእጀታው ጀርባ የተዘረጋ የብረት ሞላ ብቻ ነው። መኪና የሚያውቅ ሰው ትንሽ ባሌስትራ ብሎ ቢያስበው አይሳሳትም። ከሞላው ግራና ቀኝ ሁለት ቀጫጭን የናስ ዝርግ ሳህኖች አሉ። በእነዚህ ጫፍ ላይ ቦልስተር የሚባለው፣ በአብዛኛው ከኒኬል ሲልቨር (ብር ከሚመስል የመዳብ ቅይጥ) የሚሠራው ጠንካራ ብረት ይቀመጣል፤ በላያቸው ደግሞ አጥንት፣ እንጨት ወይም ቀንድ ይለበጣል። ሁሉንም አንድ ላይ የሚይዙት ሳይበየዱ በመዶሻ የተቀጠቀጡ ፒኖች፣ ማለትም ቀጫጭን የብረት ዘንጎች ናቸው። አንድም ብሎን የለም። ብሎን ስለሌለው አንዴ ከተቀጠቀጠ በኋላ ፈትቶ ማስተካከል አይቻልም፤ ልክ መሆን ያለበት ከመቀጥቀጡ በፊት ነው።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የስለቱ ጭራ፣ ማለትም ታንግ የሚባለውና ከሞላው ጋር የሚፋተገው ክፍል፣ ሦስት ማረፊያ ሊኖረው ይችላል፤ ዝግ፣ ግማሽና ክፍት። ጥሩ በተሠራ ሴንጢ ላይ በሦስቱም ማረፊያ የሞላው ጀርባ ከናሱ ሳህን ጋር ደረጃ ሳይፈጥር እኩል ይተኛል። የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ የምታህል ደረጃ በጥፍር ትታወቃለች። ብረት ደግሞ በእሳት ግሎ፣ እንዲጠነክር በዘይት ሲቀዘቅዝ በመጠኑም ቢሆን ይጣመማል። ስለዚህ ሠራተኛው እያንዳንዱን ስለት ከራሱ ሞላ ጋር እየለካ፣ እየሞረደ፣ እየሞከረ ያጋጥመዋል። ማሽን ብረቱን በፍጥነት ይቆርጣል፤ ይህንን የማጋጠም ሥራ ግን የሚሠራው እጅ ነው፤ ለዚያውም ዓመታት የወሰደበት እጅ።

እንዲህ ያሉ እጆች ደግሞ እየቀነሱ ሄደዋል። ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ የነበረው የሴንጢ ፋብሪካ ኢምፔሪያል ሽሬድ በ2004 ተዘጋ፤ ካሚለስ በ2007 ተከተለው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በቲተስቪል ከ1922 ጀምሮ ሲሠራ የኖረው ክዊን በ2018 በሩን ዘጋ። ቲተስቪል በ1859 ኤድዊን ድሬክ የነዳጅ ጉድጓዱን የቆፈረባት፣ የአሜሪካ የነዳጅ ዘመን የተጀመረባት ከተማ ማለት ነው፤ ዛሬ ለሴንጢ ወዳጅ የምትታወቀው ግን በሌላ ሙያ ነው። ቢል ሃዋርድና ኬን ዳንኤልስ በ2006 ግሬት ኢስተርን ከትለሪን የመሠረቱት እዚያው ነው። ሰብሳቢዎች በአጭሩ ጂ.ኢ.ሲ. ይሉታል። ፋብሪካው ኖርዝፊልድና ቲዲዩት የሚባሉ የጥንት የቢላ ሥራ ስሞችን አንሥቶ በስለቶቹ ላይ ያትማል። ከዚያ ውጭ በባህላዊ ሴንጢ በብዛት የቀረው በብራድፎርድ ከተማ ያለው ኬዝ ነው፤ እሱ ግን በጣም ትልቅ ፋብሪካ ስለሆነ መደበኛ ምርቱን ያለ ወረፋ መግዛት ይቻላል።

ጂ.ኢ.ሲ. የሚሠራው በዙር ነው። አንድ ቅርጽ ይመረጣል፤ መቁረጫ ቅርጾቹና የመሞረጃ መያዣዎቹ ለዚያ ቅርጽ ይስተካከላሉ፤ ለተወሰኑ ሳምንታት ያ ቅርጽ ብቻ ይሠራል። ስለቱ በአብዛኛው ያው 1095 የሚባለው የካርቦን ብረት ሲሆን እጀታው ይለያያል፤ በተለያየ ቀለም የተነከረ የከብት አጥንት፣ የአጋዘን ቀንድ፣ ጥቁር እንጨት፣ ማይካርታ (በሙጫ ተነክሮ የተጠቀጠቀ ጨርቅ ወይም ወረቀት)። ዙሩ ሲያልቅ ማሽኑ ለሌላ ቅርጽ ይስተካከላል፤ ያ የመጀመሪያው ቅርጽ ተመልሶ እስኪመጣ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። አንድ የእጀታ ዓይነት በአንድ ዙር ከመቶ ያነሰ የሚሆንበት ጊዜ አለ። አጥንቱ ራሱ ገደብ ያበጃል፤ ለእጀታ የሚሆነው የከብት ቅልጥም ውስጥ ወፍራምና ቀጥ ያለው ክፍል ብቻ ነው፤ ቅባቱ ተቀቅሎ ካልወጣ ቀለሙን አይቀበልም። የአጋዘን ቀንድ የባሰ ነው። ምርጡ፣ ሳምባር የሚባለው የእስያ አጋዘን ቀንድ፣ ይመጣ የነበረው ከሕንድ ሲሆን ሕንድ በ1990ዎቹ መጨረሻ ወደ ውጭ መላኩን ከልክላለች፤ አሁን የሚሠራበት ወይ የቆየ ክምችት ነው ወይ የሌላ አጋዘን ቀንድ።

እስከዚህ ድረስ ማንንም የሚያስወቅስ ነገር የለም።

አሁን ወደ አሻሻጡ እንምጣ። ፋብሪካው በቀጥታ ለተጠቃሚ አይሸጥም፤ ለነጋዴዎች ያከፋፍላል። በምሳሌ እናስላው። የአንድ እጀታ ዓይነት 150 ተሠራ እንበል፤ ነጋዴዎቹ 30 ይሁኑ። ለእያንዳንዱ 5 ይደርሰዋል። ነጋዴው ሁለቱን ለቆዩ ደንበኞቹ ያስቀምጣል፤ በድረ ገጹ ላይ የሚወጡት 3 ናቸው። በሰዓቱ ገጹን እየከፈቱ የሚጠብቁት መቶ ሰዎች ቢሆኑ 97ቱ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። እነዚህ 97 ሰዎች እዚያው ሰዓት ወደ ሁለተኛው ነጋዴ ገጽ ይዞራሉ፤ ስለዚህ በሁሉም በር ላይ የሚታየው ሕዝብ ከእውነተኛው ፈላጊ ቁጥር በብዙ እጥፍ ይበዛል። ነጋዴውም፣ ገዢውም፣ ገዝቶ መልሶ የሚሸጠው አትራፊም የሚያየው ይህንን የበዛ ሰልፍ ነው፤ ዋጋውን የሚገምተውም በዚሁ ነው።

አየር በአየር ነጋዴው የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው። ትርፉ ግን ከሩቅ እንደሚታየው አይደለም። በ120 ዶላር የገዛውን በ240 ሸጠ እንበል። ትልልቅ የጨረታ ገጾች ወደ 13 በመቶ ይወስዳሉ፤ ያ 31 ዶላር ገደማ ነው። ሲገዛ የከፈለው የማጓጓዣና የሽያጭ ግብር፣ ሲሸጥ የሚከፍለው ማሸጊያና ፖስታ ሌላ 20 ዶላር ቢሆን፣ የሚቀረው 70 ዶላር ገደማ ነው። ይህ ለአትራፊው የሚበቃ ነው፤ ለገዢው ግን የ120 ዶላር ጭማሪ ነው። ከጭማሪው ግማሽ የሚጠጋው ሻጩም ገዢውም ሳይጠቀሙበት በመሸጋገሪያው ላይ ይቀራል። ሴንጢውን የሠራው ሰው ከዚህ ውስጥ ሰባራ ሳንቲም አያገኝም።

ሰብሳቢዎችም ራሳቸው እሳቱን ያራግባሉ። 1095 ብረት ከመቶው 0.95 ያህል ካርቦን አለው፤ ዝገትን የሚከላከለው ክሮሚየም ግን የለውም። አንዴ ሎሚ ወይም ሽንኩርት ከቆረጠ ግራጫና ሰማያዊ ቀለም ይይዛል። ለተጠቃሚ ይህ ውበት ነው፤ ለዳግም ሽያጭ ግን ዋጋ ይቀንሳል። ስለዚህ «አንዱን ለኪስ፣ አንዱን ለመሳቢያ» የሚል ልማድ ተፈጥሯል። 150 ሴንጢ ለ150 ሰው መድረሱ ቀርቶ ለ75 ሰው ብቻ ይበቃል ማለት ነው። አትራፊውን እየረገሙ ሁለት ሁለት መግዛት እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር ነው።

ነጋዴዎች የሞከሯቸው መፍትሔዎች ብዙ ናቸው፤ እኩል አይደሉም። ቀድሞ ለደረሰ መሸጥ ለፈጣን ጣትና ለኮምፒውተር ፕሮግራም ያደላል። የወረፋ መዝገብ ለነባር ደንበኛ ጥሩ ነው፤ አዲስ ሰው ግን የዓመታት ወረፋ ይጠብቀዋል። ዋጋውን ከፋብሪካው ጀምሮ መስቀል አትራፊውን ያስወግዳል፤ አብሮ ግን በደመወዙ አንድ ሴንጢ ገዝቶ ሊጠቀምበት የሚፈልገውን ሰው ያስወጣል። ለእኛ የተሻለው እጣ ነው። ለ24 ሰዓት ስም ይመዘገባል፤ ለአንድ አድራሻ አንድ ብቻ ይፈቀዳል፤ ከዚያ እጣው ይወጣል። የዘመድ አዝማድ ስም እያስመዘገቡ ማብዛት ይኖራል፤ የካርዱ ስምና የመላኪያው አድራሻ እንዲመሳሰል ማስገደድ አብዛኛውን ይቀንሰዋል። በተለየ የሰዓት ክልል ለምትኖር፣ በሥራ ሰዓት ስልክ መያዝ ለማይፈቀድላት ነርስም ሆነ ለሹፌር እጣ ብቻ ነው እኩል ዕድል የሚሰጠው።

እጣ በሌለበት ለመግዛት የሚፈልግ ሰው ከቅርጽ እንጂ ከእጀታ ባይጀምር ይሻለዋል። የጂ.ኢ.ሲ. ቁጥር የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ቅርጹን ይነግራሉ፤ አራተኛው አሃዝ የስለቶቹን ብዛት። 77 ባርሎው ነው፣ 71 ቡል ኖዝ፣ 78 አሜሪካን ጃክ። በእጁ የሚመቸውን ቅርጽ ያወቀ ሰው ቀይ አጥንቱ ሲያመልጠው ቡናማውን ይወስዳል፤ ሁለቱም ሲቆርጡ ልዩነት የላቸውም። ብዙ ሰው የሚሻማው በቀለም ነው፤ ማይካርታና ተራ እንጨት ብዙ ጊዜ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይቆያሉ። በድረ ገጽ ሲገዛ ደግሞ አንድ መታወቅ ያለበት ነገር አለ፤ በብዙ መደብሮች ሥርዓት ዕቃው ቅርጫት ውስጥ መግባቱ አያስይዘውም፤ የሚያዘው ክፍያው ሲፈጸም ነው። ስም፣ አድራሻና ካርድ ቀድሞ ካልተመዘገበ ቅጹ ሲሞላ ዕቃው ከቅርጫት ይጠፋል። ዳግም ሽያጭ የሚያይ ሰው የተለጠፈውን ዋጋ ሳይሆን በርግጥ የተሸጡትን ይመልከት። በ300 ዶላር ለወራት ተለጥፎ የሚኖር ሴንጢ ዋጋው 300 አይደለም።

ከተገዛ በኋላ የሚመጣው ሐዘን የተለየ ነው። ወራት የተጠበቀ ሴንጢ ሲከፈት እንከን ይገኝበታል፤ የዚያ እጀታ ዙር ስላለቀ የሚቀየርበት የለም። ገንዘብ መመለስ ይቻላል፤ ሌላ ግን አይገኝም። ስለዚህ ፍተሻው በደረሰበት ዕለት መሆን አለበት፤ ከመቁረጥና ከመሳል በፊት። ሴንጢውን ዘግተው ወደ መስኮት ያንሡት፤ በሞላውና በናሱ መካከል ብርሃን ካሳለፈ ክፍተት አለ። ጥቂት ብርሃን የተለመደ ነው፤ ወረቀት የሚያስገባ ግን አይደለም። ከፍተው ስለቱን በሁለት ጣት ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች ይወዝውዙት። ግራና ቀኝ የሚል ስለት የመዞሪያው ፒን ላልቷል ማለት ነው፤ ላይና ታች የሚል ደግሞ ታንጉና ሞላው በደንብ አልተጋጠሙም፤ ይህ ሁለተኛው በቀላሉ አይስተካከልም። በአጥንቱ ላይ ፒኖቹ ዙሪያ በአጉሊ መነጽር ይፈለግ፤ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ የምትጀምረው እዚያ ነው።

ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚያልፈው እንከን ስለቱ ሲዘጋ ጫፉ ወይም ሆዱ ሞላውን መምታቱ ነው። ምልክቱ፣ ሴንጢው በተሳለ ማግስት አንዲት ቦታ ላይ ብቻ ደንዝዞ መገኘቱ ነው። መሞከሪያው ቀላል ነው፤ ቀጭን ወረቀት እንደ ጥብጣብ ቆርጠው በእጀታው ጎድጓዳ ውስጥ በሞላው ላይ ያስተኙ፣ ስለቱን በልማዱ ይዝጉት፣ ይክፈቱት። ወረቀቱ ከተቆረጠ ወይም ምልክት ከወጣበት ስለቱ ይመታል። እንዲህ ያለውን ሴንጢ በጣት ይዞ እስከ መጨረሻው ቀስ ብሎ መዝጋት እንጂ «ቀጭ» እንዲል መልቀቅ አይገባም። የዚህን «ቀጭ» ድምፅ የሚወድ ሰብሳቢ ብዙ ነው፤ ግን እያንዳንዱ መልቀቅ ስለቱን የሚያሳርፈውን የታንግ ጉብታ ይበላዋል፤ ጉብታው በተበላ ቁጥር ስለቱ ወደ ሞላው ይጠጋል።

አዲስ ሴንጢ ውስጥ የማለስለሻ ቅሪትና የብረት ደቃቅ ይኖራል። ሲከፈት ሻካራ የሚመስለው፣ በመዞሪያው ላይ ጥቁር ጭቃ የሚያወጣው ይህ ነው፤ ብዙ ሰው እንከን መስሎት ይመልሰዋል። ለብ ያለ ውኃና አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አፍስሰው መዞሪያውን ብቻ ያርጥቡ፤ አሥር፣ አሥራ አምስት ጊዜ ይክፈቱና ይዝጉ፤ ወዲያው በፀጉር ማድረቂያ ቀዝቃዛ አየር ያድርቁ። ከዚያ በመዞሪያው ግራና ቀኝ አንድ አንድ ጠብታ የማዕድን ዘይት፤ በፋርማሲ የሚሸጠው ንጹሕ የፓራፊን ዘይት ይበቃል። ዘይቱ ጠርቶ እስኪወጣ ይደገም። የምግብ ዘይት አይሆንም፤ በጥቂት ወራት ውስጥ እንደ ሙጫ ይጋገራል። አጥንትና እንጨት እጀታ ያለውን ውኃ ውስጥ ማጥለቅ ደግሞ እጀታውን ያሳብጠዋል፤ ሲደርቅ በፒኑ ላይ ይሰነጠቃል።

ለማቆየት ከተገዛ የሚያጠፋው ዝገት ብቻ አይደለም። የቆዳ አፎት ውስጥ ለወራት የተቀመጠ 1095 ስለት ቆዳው ከተለፋበት ኬሚካልና ከያዘው እርጥበት የተነሣ ይበላል። ማሞቂያ በሚበራበት ክረምት የቤት አየር ሲደርቅ አጥንቱ ይሸበሸባል፣ ፒኑ ግን አይሸበሸብም፤ ስንጥቁ የሚመጣው በዚህ ነው። የአየሩን እርጥበት ከ40 እስከ 50 በመቶ አካባቢ ማቆየት ለብረቱም ለአጥንቱም ይስማማል። ከሁሉ የከፋው ጎረቤት ሴሉሎይድ ከሚባለው የጥንት ፕላስቲክ የተሠራ እጀታ ነው። እያረጀ ሲሄድ የአሲድ ጋዝ ያወጣል፤ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ አንድ የበሰበሰ ሴሉሎይድ ዙሪያውን ያሉትን ስለቶች ሁሉ ሊያዝግ ይችላል። እንዲህ ያለ ሴንጢ ብቻውን፣ አየር በሚዘዋወርበት፣ ከእሳት ርቆ ይቀመጥ፤ ሴሉሎይድ በቀላሉ ይቀጣጠላል።

አዲሱ አልገኝ ያለው ሰው ወደ አሮጌው ይዞራል፤ እዚያ የሚጠብቀው አስመስሎ የተሠራ ማኅተም ነው። ከ1970 ጀምሮ ኬዝ በታንጉ ላይ ካለው ስሙ ሥር አሥር ነጥቦች ያትም ነበር፤ በየዓመቱ አንዲት ነጥብ እያስወገደ በ1979 አንዲት ቀረች፤ በ1980 የስሙን «ኤስ» ፊደል እንደ መብረቅ ለውጦ እንደገና ከአሥር ጀመረ። ስለዚህ ነጥብ ቆጥሮ ዓመቱን ማወቅ ይቻላል፤ አጭበርባሪም ነጥብ ፍቆ ዓመት መቀየር ይችላል። የሚያጋልጠው የታንጉ ውፍረት ነው። ማኅተም የተፋቀበት ታንግ በጎኑ ሲታይ ከሌላው ስለት ይሳሳል፤ ከናሱ ሳህን ጋርም ክፍተት ይፈጥራል። የእጀታው ዓይነትም ከቁጥሩ ጋር መስማማት አለበት፤ በኬዝ ቁጥር የመጀመሪያው አሃዝ እጀታውን፣ ሁለተኛው የስለቱን ብዛት ይናገራል። 6254 ማለት ባለ አጥንት፣ ባለ ሁለት ስለት፣ 54 ቅርጽ ነው። በ6 የሚጀምር ቁጥር ይዞ የአጋዘን ቀንድ የለበሰ ካጋጠመ እጀታው ተቀይሯል።

በብሪታንያ ለሚኖር አንባቢ ይህ ዓይነት ሴንጢ የተለየ ጥቅም አለው። እዚያ ያለ ምክንያት በኪስ መያዝ የሚፈቀደው የሚታጠፍ፣ የማይቆለፍና ስለቱ ከ3 ኢንች፣ ማለትም ከ7.62 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ነው፤ ስሊፕጆይንት ይህንኑ ነው፤ ርዝመቱን ግን ከመግዛት በፊት መለካት ያሻል። በአውሮፕላን ሲኬድ ከእጅ ሻንጣ ይልቅ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ማድረግ ይሻላል፤ ወደ አገር ቤት በመንገደኛ ለሚልኩ ሰዎችም ያው ነው።

የሰብሳቢዎች ዕድሜ ገፍቷል፤ ስብስቦቻቸው ወደ ቤተሰብ ሲተላለፉ ቱቦው ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ የሚያውቅ አይገኝም፤ ሁሉም በአንድ ካርቶን ተጭኖ ለመጀመሪያው ጠያቂ በመናኛ ዋጋ ይሄዳል። መድኃኒቱ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ናት። የቅርጹን ቁጥር፣ እጀታውን፣ የተገዛበትን ቀንና ዋጋ፣ ስለቱ ተስሎ እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ፣ መዞሪያው መጨረሻ ዘይት የተቀባበትን ወር በእርሳስ ጽፎ ቱቦው ውስጥ ማስገባት ነው። ዘይት በነካው ወረቀት ላይ የእስክሪብቶ ቀለም ሊጠፋ ይችላል፤ እርሳስ ግን ይቆያል።